የልጅዎ የእጅ ጽሑፍ እንዲያምር፦ ደብተሩን ሳይሆን እጁን ይመልከቱ

«ልጄ ፊደሉን አንድም ሳይስት ያነባል፤ የጻፈው ግን አይነበብም። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ከወላጆች ያልሰማሁበት ወር የለም። አብዛኞቹ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ግን ደብተሩን ሳልገልጥ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አንዲት «በ» እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ። ደብተሩ ላይ ያለው ያለቀ ነገር ነው። ችግሩ የሚታየው እርሳሱ ሲንቀሳቀስ ነው፦ ከየት ተነሣ፣ ወዴት ዞረ፣ የት ላይ ቆመ። ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት «በ» ጽፈው አንዱ በትክክለኛው መንገድ፣ ሌላው በተገላቢጦሽ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ልዩነቱ አይታይም። በፍጥነት መጻፍ ሲጀምሩ ግን የሁለተኛው ጽሑፍ ይፈርሳል።

መመሪያው ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ዕድሜው ከፍ ላለና ጽሑፉ ለተበላሸ ልጅም ይሠራል፤ እሱን ከደረጃ 3 ይጀምሩለት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 2ቢ የሚል ምልክት ያለው ለስላሳ እርሳስ፤ ከሌለ ኤችቢ። ለስላሳው በትንሽ ግፊት ጎልቶ ስለሚጽፍ የልጁን እጅ አያደክምም።
- ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አጫጭር እርሳሶች። ያለቁትን አይጣሉ፤ ለጀማሪ ከአዲሱ ይሻላሉ።
- የጠመኔ ስባሪና ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ
- እርጥብ ስፖንጅና ደረቅ ቁራጭ ጨርቅ
- ጠርዝ ባለው ዝርግ ዕቃ ላይ የተነሰነሰ ደረቅ አሸዋ
- መስመር የሌለው ወረቀት፣ ማስመሪያና ባለቀለም እርሳስ
- የሚድቦለቦል ጭቃ፣ የልብስ መቆንጠጫና ለልጅ የተሠራ መቀስ

ላጲስ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ረስቼው አይደለም። ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ያገኙታል።

ልጁ ዝግጁ መሆኑን ይለዩ

አብዛኞቹ ልጆች በ3 ዓመት ገደማ ክብን፣ በ4 ዓመት ገደማ የመስቀል ቅርጽን፣ በ5 ዓመት ገደማ ሦስት ማዕዘንን አይተው መሣል ይችላሉ። ይህ ለእኛ ፊደል ጠቃሚ መረጃ ነው። ክብ የሚሠራ ልጅ ለ«ዐ»፣ መስቀል የሚሠራ ልጅ ለ«ተ» ደርሷል ማለት ነው። ገና ሰያፍ መስመር መሣል የማይችለውን ልጅ ግን በ«ለ» ወይም በ«ነ» ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። አንድ ቀን እነዚህን ቅርጾች ሠርተው ያሳዩትና እንዲደግማቸው ይጠይቁት። ካልቻለ ለጥቂት ሳምንታት ደረጃ 1 እና 4 ላይ ብቻ ይቆዩ።

ደረጃ 1፦ ጣቶቹን ያጠንክሩ

መጻፍ በጣት የሚሠራ ሥራ ይሁን እንጂ ክንድም ትከሻም ካልጸኑ ጣት ብቻውን አይችለውም። በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል ጭቃ ያድቦልቡ፣ ወረቀት በመቀስ ያስቆርጡ፣ የልብስ መቆንጠጫ ያስከፍቱና ያስዘጉ። ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ቆሞ እንዲሥልበትም ያድርጉ። ቆሞ ሲሥል የእጁ አንጓ ወደ ኋላ ቀና ይላል፤ እርሳስ ለመያዝ የሚፈለገውም ይኸው አቋም ነው።

ደረጃ 2፦ አቀማመጡን ያስተካክሉ

የልጁ እግሮች መሬት ይርገጡ። ወንበሩ ከፍ ካለ ከእግሩ ሥር ሣጥን ወይም ወፍራም መጽሐፍ ያስቀምጡ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን የሚጠብቀው በክንዱ ተደግፎ ስለሆነ ክንዱ ለመጻፍ ነጻ አይሆንም። የጠረጴዛው ከፍታ ከክርኑ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን።

በቀኝ እጁ የሚጽፍ ከሆነ የወረቀቱን ራስ በትንሹ ወደ ግራ፣ በግራው የሚጽፍ ከሆነ ወደ ቀኝ ያዘንብሉት። የማይጽፈው እጅ ወረቀቱን ይያዝ። ብዙ ጊዜ ጠማማ መስመር የሚመጣው ከእጅ ጉድለት ሳይሆን ወረቀቱ ስለሚንሸራተት ነው።

ደረጃ 3፦ የእርሳስ አያያዝ

እርሳሱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዛል፤ የመሐል ጣት ጎን ላይ ይደገፋል። ጣቶቹ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦

- እርሳሱን ጫፉ ወደ ልጁ እንዲያመለክት አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስተኙት።
- ልጁ ከጫፉ ከፍ ብሎ በአውራና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ያንሣው።
- በሌላው እጁ የእርሳሱን ጀርባ ገፋ አድርጎ በሁለቱ ጣቶች መካከል ባለው ጉድጓድ ላይ እንዲያርፍ ያድርገው።

ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ሳይነግሩት ያደርገዋል። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ አርፈው የማይቀመጡ ከሆነ ትንሽ የወረቀት ድቡልቡል በሁለቱ እንዲጨብጥ ይስጡት። አጭሩ እርሳስ ደግሞ ራሱ አስተማሪ ነው፤ በጭብጥ ለመያዝ ቦታ ስለማይተው ጣቶቹ ወደ ትክክለኛው አያያዝ ይሄዳሉ።

በአራት ጣት የሚይዝ ልጅ ካለዎት፣ እጁን ካላመመውና ጽሑፉ ከተነበበ ይተዉት። መስተካከል ያለበት በጭብጥ መያዝና አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ላይ መጠምጠም ነው፤ ሁለቱም የጣቶቹን እንቅስቃሴ ያስራሉ።

ደረጃ 4፦ ከፊደል በፊት መስመር

ፊደላችን ሁሉ ከጥቂት መስመሮች ይገነባል፦ ቋሚ፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ክብ፣ ጎድጓዳ። ቋሚው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አግድሙ ከግራ ወደ ቀኝ ይሠመር። ክቡ ከላይ ተነሥቶ ወደ ግራ ይዙር። መጀመሪያ በአሸዋ ላይ በጣት፣ ከዚያ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ፣ በመጨረሻ በወረቀት። አሸዋው ጣትን ትንሽ ስለሚይዝ ልጁ አቅጣጫውን በቆዳው ጭምር ያስታውሰዋል።

ደረጃ 5፦ ሦስት መስመር ያስምሩ

የተለመደው ደብተር ለጀማሪ ጠባብ ነው፤ መሐሉንም አያሳይም። መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ሦስት አግድም መስመሮች ያስምሩ። የላይኛውን ራስ፣ የመካከለኛውን ወገብ፣ የታችኛውን እግር ብለው ይጥሩለት። ወገቡን በባለቀለም እርሳስ ያስምሩት። ከራስ እስከ እግር መጀመሪያ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ እጁ ሲጸና ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ 1 ያጥብቡት።

ይህ ወገብ የሚሉት መስመር የመመሪያው ቁልፍ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ የለውም። ብዙ ጊዜ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ የምትጨመር ትንሽ ምልክት ናት። ወገቡ የት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ «ቡ»ና «ቢ»ን አቀላቅሎ ቢጽፍ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ በ«ሀ ሁ» ተራ ሳይሆን በቅርጽ ቤተሰብ ያስተምሩ

ለማንበብ የ«ሀ ሁ» ቅደም ተከተል ጥሩ ነው። ለመጻፍ ግን ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ ከ«ለ» ወደ «ሐ» መዝለል እጁ በየቀኑ አዲስ ጉዞ እንዲጀምር ያስገድደዋል። ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ያላቸውን አንድ ላይ ያድርጉ፦

- ቀጥ ያሉ፦ «ተ»፣ ከዚያ «በ»
- ክቦች፦ «ዐ»። መሐሏ በቋሚ መስመር ሲከፈል «ወ»፣ በአግድም ሲከፈል «ፀ»፣ ቋሚው ሰንጥቋት ወደ ታች ሲወርድ «ቀ» ይወጣል። «መ» ሁለት ክብ ስለሆነች መጨረሻ ትምጣ።
- ጎድጓዶች፦ «ሀ»፣ ከዚያ «ሠ»
- ባለ ሁለት እግር፦ «ለ»፣ «ሰ»
- ባለ ሦስት እግር፦ «ሐ»፣ «ጠ»
- ቆብ ደፊዎች፦ «ሰ»ን የሚያውቅ ልጅ «ሸ»ን፣ «ተ»ን የሚያውቅ «ቸ»ን፣ «ነ»ን የሚያውቅ «ኘ»ን፣ «ከ»ን የሚያውቅ «ኸ»ን በአንድ ቀን ይጽፋል። ከላይ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

«ረ»፣ «ፈ»፣ «ነ»፣ «ገ»፣ «የ»፣ «ደ» እና የቀሩት የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው አንድ አንድ እያሉ በኋላ ይምጡ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይበቃል።

ደረጃ 7፦ አንድ ፊደል እንዴት ይማራል? («በ» እንደ ምሳሌ)

1. መጀመሪያ እርስዎ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ልጁ እጅዎን እንጂ ፊደሉን አይመልከት። እየጻፉ መንገዱን ይናገሩ፦ «ከራስ ወደ እግር ውረድ። ወደ ራስ ተመለስ። ወደ ቀኝ ሂድ። ውረድ።»

2. ልጁ ከጎንዎ ቆሞ ክንዱን በሙሉ ዘርግቶ በአየር ላይ ይጻፍ፤ ቃሉንም አብሮ ይበል። ፊት ለፊቱ አይቁሙ። ፊት ለፊት ከቆሙ የእርስዎ ቀኝ ለእሱ ግራ ይሆንበታል።

3. ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የጻፉትን «በ» ልጁ በእርጥብ ስፖንጅ በዚያው መንገድ ተከትሎ ያጥፋ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይድገም። በመጨረሻ በጠመኔ ራሱ ይጻፍ። ልጆች ማጥፋት ይወዳሉ፤ ሲያጠፉ ደግሞ ሳያውቁት ሁለት ጊዜ ጽፈዋል።

4. ወረቀት ላይ አምስት ጊዜ ብቻ ይጻፍ። አንድ ሙሉ ገጽ «በ» አያስጽፉ። የእንዲህ ዓይነት ገጾች የመጀመሪያ ረድፍ ጥሩ፣ የመጨረሻው የተበላሸ ነው፤ ልጁ በመጨረሻ የተለማመደው የተበላሸውን ነው።

5. ከአምስቱ የወደዳትን አንዷን ልጁ ራሱ መርጦ ይክበባት። «ለምን መረጥካት?» ብለው ይጠይቁት። «እግሮቿ መስመሩን ነክተዋል» ካለ ሥራዎ ተሳክቷል፤ ከዚህ በኋላ ስህተቱን የሚያየው ራሱ ነው።

ላጲስ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። የሚሰርዝ ልጅ ዓይኑ ስህተቱ ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ጊዜው ያልቃል። ያልተስተካከለችው ትቀመጥና አጠገቧ ሌላ ትጻፍ።

ስለ መንገዱ ይህን ያህል የማስጨንቀው በምክንያት ነው። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ «በ»ን እንደ ታተመ አድርጋ ትጽፍ ነበር። እጇን ሳይ ግን የምትነሣው ከቀኝ እግር ግርጌ ነው፤ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ በግራ እግር ትወርዳለች። «ቢ» እንድትጽፍ ስጠይቃት በግራው እግር ጨርሳ ቆመች፤ ምልክቷ የምትገባው ግን በቀኙ እግር ሥር ነው። እርሳሷን አንሥታ ቦታውን ስትፈልግ አየኋት። አንዳንዴ ታገኘዋለች፣ አንዳንዴ ምልክቷን ግራው ላይ ታደርጋታለች። መንገዱን በሁለት ሳምንት ካስለወጥናት በኋላ «በ»ን የምትጨርሰው በቀኝ እግር ግርጌ ሆነ። እጇ ለ«ቢ» እና ለ«ቤ» ምልክት ቀድሞ ቦታው ላይ ደርሶ ይጠብቃታል።

ደረጃ 8፦ ከግዕዝ ወደ ሰባቱ

በ«በ» ቤተሰብ ይጀምሩ፤ ከሁሉ ይበልጥ ደንብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ለልጁ እንዲህ ይንገሩት፦

- «ቡ» (ካዕብ)፦ በቀኝ እግር፣ ወገብ ላይ፣ ወደ ቀኝ አጭር መስመር።
- «ቢ» (ሣልስ)፦ ያቺው መስመር ወደ እግር ትወርዳለች።
- «ባ» (ራብዕ)፦ ቀኙ እግር ሙሉ ነው፤ ግራው ያጥራል።
- «ቤ» (ኃምስ)፦ በቀኝ እግር ሥር ቀለበት።
- «ብ» (ሳድስ)፦ መስመሯ ወገብ ላይ ናት፣ ግን በግራ በኩል።
- «ቦ» (ሳብዕ)፦ የ«ባ» ተቃራኒ፤ ግራው ሙሉ፣ ቀኙ አጭር።

ሁለት ጥንዶች ልጆችን ያስቸግራሉ፦ «ቡ»ና «ብ»፣ «ባ»ና «ቦ»። ሁለቱም የሚለያዩት በቀኝና በግራ ብቻ ነው። አንድ ቀን ላይ አብረው አያስተምሯቸው። «ቡ» ከጸና ከሳምንት በኋላ «ብ» ትምጣ። በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ትንሽ ባለቀለም ነጥብ ያድርጉና «ቡ ወደ ነጥቡ ታያለች» ይበሉት።

ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በብዙ ቤተሰቦች ይህንኑ ደንብ ይከተላሉ። «ሩ»ና «ፉ» ግን ከደንቡ ስለሚወጡ ለብቻ ይጠኑ። ሳድስ ደግሞ አንድ ደንብ የለውም፤ «ል»፣ «ም»፣ «ር»፣ «ን» እያንዳንዳቸው እንደ አዲስ ፊደል በደረጃ 7 ያልፋሉ። ሳብዕም እንደዚሁ ይለያያል፤ «ቦ» እግሯን ስታሳጥር «ሎ» ቀለበት ታወጣለች። ልጁ ይህን ሲጠይቅ «እነዚህ የራሳቸው መልክ አላቸው» ማለት ይበቃል። የሌለ ደንብ አይፍጠሩለት።

ደረጃ 9፦ ቃል፣ ክፍተት፣ ዓረፍተ ነገር

በየቀኑ አሥር ፊደል ከመደርደር ልጁ የሚወደውን አንድ ቃል መጻፍ ይሻላል። የራሱ ስም ምርጥ መነሻ ነው። በሁለት ቃል መካከል የግራ እጁን አንድ ጣት አሳርፎ ከጣቱ ማዶ ይቀጥል፤ በግራው የሚጽፍ ልጅ በጣት ፋንታ ቀጭን እንጨት ይጠቀም። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አራት ነጥብ ያኑር። ነጥቦቹን አስጨንቆ ሳይሆን መታ መታ አድርጎ ይሥራቸው።

ደረጃ 10፦ ፍጥነት መጨረሻ ላይ

ልጁ ሞዴሉን ሳያይ፣ መንገዱን ሳይናገር፣ መስመሩን ሳይስት መጻፍ ሲጀምር ብቻ ትንሽ ያፍጥን። ሲፈጥን ቅርጹ ከተበላሸ ወደ ነበረበት ፍጥነት ይመልሱት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ከሁለት ወር በኋላ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ልጁ ራሱ ለውጡን ያያል።

ማስጠንቀቂያ

- ልምምዱ ለ4 እና ለ5 ዓመት ልጅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ ከ15 ደቂቃ አይለፍ። እጁን እያራገፈ ወይም ጣቱን እያሸ ከሆነ ወዲያው ያቁሙ።
- ግራኝ ልጅን በቀኙ እንዲጽፍ አያስገድዱ። ከአሥር ሰዎች አንዱ ያህል ግራኝ ነው። ጣቶቹ የጻፈውን እንዳይሸፍኑበት እርሳሱን ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይያዝ። አግድም መስመርን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ክብንም በተቃራኒው ቢያዞር ይፍቀዱለት፤ ለእጁ የሚቀልለው እሱ ነው።
- መጻፍን ቅጣት አያድርጉ። «ሃምሳ ጊዜ ጻፍ» የተባለ ልጅ ቶሎ ለመገላገል ሲል መጥፎውን አጻጻፍ ሃምሳ ጊዜ ይለማመዳል።
- የጠመኔና የእርሳስ ስባሪዎችን ገና ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ከሚያስገቡ ታናናሾች ያርቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

*በነጥብ የተሠሩ ፊደላትን ቀኑን ሙሉ ማስደገም።* ልጁ ነጥብ ከነጥብ ያገናኛል እንጂ ፊደል አይጽፍም፤ ከየትም ቢጀምር ውጤቱ አንድ ስለሆነ የተሳሳተው መንገድ ተደብቆ ይቀራል። ነጥቡን ከተጠቀሙ መነሻው ላይ ብቻ አንድ ነጥብ ያድርጉ።

*እጁን ይዞ ማስጻፍ።* አንድ ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ለማሳየት ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ግን የሚጽፈው የእርስዎ እጅ ነው።

*አጥብቆ መጫን።* ጽሑፉ በገጹ ጀርባ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ከወረቀቱ ሥር ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉና «ሳትቀድደው ጻፍ» ይበሉት። አቅልሎ ለሚጽፈው ደግሞ 2ቢ እርሳሱን ይስጡት።

*ገልብጦ መጻፍ።* እስከ 7 ዓመት ገደማ ፊደልን እንደ መስታወት ምስል መገልበጥ የተለመደ ስለሆነ አይደንግጡ። «ተሳስተሃል» ከማለት «ከየት ነው የምንነሣው?» ብለው ይጠይቁት።

*የፊደላት መጠን መለያየት።* ክቦቹ ብዙ ጊዜ ይተልቃሉ። የራስና የእግር መስመሩን አድምቀው «ክቡ ሁለቱንም ይንካ፣ አይለፍ» ይበሉት።

*ሁሉንም በአንድ ቀን ማረም።* አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ እግሮቹ መስመር ይንኩ፤ ክፍተቱ ለሌላ ሳምንት ይቆይ።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በሳምንት አራት አምስት ቀን ለሦስት ወር ያህል ሠርታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ መጻፍ እጁን የሚያምመው ከሆነ፣ በቃል አሳምሮ የሚያወራውን ታሪክ በጽሑፍ አንድ መስመር ማድረስ ካቃተው፣ ወይም ከ8 ዓመት በኋላም ፊደላትን ዘወትር የሚገለብጥ ከሆነ ለአስተማሪው ይንገሩና ምርመራ ያስደርጉ። መጀመሪያ ዓይኑን ያስመርምሩ፤ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ወይም አንገቱን አዘንብሎ የሚጽፍ ልጅ ችግሩ ጣቱ ላይ ላይሆን ይችላል። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ ቀን የጻፉባቸውን ገጾች ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ ልጁ ሲጽፍ እጁን ብቻ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም በስልክዎ ይቅረጹ።